ጠባሳ የሚያሳይ ቴሌቪዥን

ሳፊያ ስትምል የምትጠራው አንድ ስም ብቻ ነበር። ጎረቤት እህል ቅመሱ ሲባል የተግደረደረ እንደሆነ «ጀላል ይሙት»፣ ነጋዴ ዋጋ ሲቆልልባት «ጀላል ይሙት»፣ ባሏ ሀምዱ ደክሞት ገብቶ አልበላም ሲል «ጀላል ይሙት ትበላታለህ»። የበኩር ልጇ ነው፤ ሰው የሚምለው በሚሳሳለት ነው። ሀምዱም ይህን መሐላ ዕድሜውን ሙሉ ከወጡ ጨው ጋር አብሮ ሲበላው ስለኖረ ልብ አይለውም ነበር። በ1980 ሰኔ ከገባ ወዲህ ግን መሐላው በተነሣ ቁጥር ጉርሻውን ሳያላምጥ ይውጠዋል። ጀላል ሞቷል። ሳፊያ አታውቅም።

ወሬውን ያመጣው ለጦሩ እህል እየጫነ ወደ ሰሜን የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሀምዱ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ አስፋልቱ ዳር፣ ጎሚስታ ነው፤ ሹፌሩም ጎማ በተነፈሰበት ቁጥር እሱ ዘንድ ይቆማል። ያን ቀን ግን ጎማዎቹ ሁሉ ደህና ነበሩ። ሀምዱ አንድ በአንድ በእግሩ እየመታ ካያቸው በኋላ ቀና ብሎ የሰውየውን ፊት ሲያይ ነገሩ የጎማ እንዳልሆነ ገባው። ሹፌሩ ልጁ መጋቢት ላይ በነበረው ውጊያ መውደቁን፣ አፈር ያለበሰው የደሴ ልጅ ራሱ እንደነገረው፣ በወሬው ላይ የተጨመረ ነገር እንደሌለ ነገረውና መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። መንግሥት ያኔ ልጅ ሲወስድ እንጂ ሲቀብር ለወላጅ መንገር ልማዱ አልነበረም። ሀምዱ ቀዳዳ ሊፈልግለት በርሜል ውሃ ውስጥ የነከረውን የጎማ ካላማዳሪያ እንደያዘ፣ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ሲል እያየ፣ ማታ ሱቆች ሲዘጉ ነው የነቃው።

በወሎ ሞት የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም፤ የቅሬው ነው። የሚቀብረውም የሚያስተዛዝነውም ቅሬ ነው፤ መርዶ የሚነገርበትን ቀን የሚቆርጠውም እሱ ነው። መርዶ እንደ ተራ ወሬ በበር አይወረወርም፤ ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ሀምዱ የቅሬውን ዳኛ ሸህ ሰይድን ሄዶ ሲያዋያቸው ሽማግሌው ካለቀሱ በኋላ የጠየቁት ነገር ቢኖር ኡሙሰልማ ስንት ወሯ እንደሆነ ነው። ኡሙሰልማ የጀላል ታናሽ ናት። ኩታበር ተድራ፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እንደ ደንቡ እናቷ ቤት መጥታለች። ስምንት ወር ሆኗት ነበር፤ ደም ግፊት ስላለባት ድንጋጤ የሚባል ነገር አጠገቧ እንዳይደርስ ሐኪም አስጠንቅቋል።

«አንድ ነፍስ ሄዷል» አሉ ሸህ ሰይድ። «ሌላ አንጨምርበትም። ልጅቷ እስክትገላገል ድረስ መርዶው እኛ ዘንድ ይቆያል። አብሽር ሀምዱ፣ ቻለው።»

ለእናቲቱ ብቻ መንገር አይቻልም ወይ የሚል አይጠፋም። እናት ስትነገር ሰፈር ይሰማል፤ ኡሙሰልማ ደግሞ ከእናቷ ጋር አንድ ጣራ ሥር ነው የምትተኛው። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ዐውቆ ሳፊያና ልጇ ብቻ ሳያውቁ ቀሩ። ሴቶቹ ሳፊያን መንገድ ላይ ሲያገኟት ይስቁላታል፣ ጥጉን ሲያልፉ ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ይወትፋሉ። ሀምዱ የሚያለቅሰው ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ ነበር፤ ፊቱን በርሜሉ ውሃ ይታጠብና በጊዜ ቤቱ ይገባል።

የቴሌቪዥኑ ጣጣ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሚያዝያ ላይ፣ ማንም ምንም ሳያውቅ፣ ጎረቤታቸው ወርቅነሽ በቤቷ ቴሌቪዥን ቀደም ብሎ የተቀረጸ የወታደሮች ሰላምታ ሲተላለፍ ጀላልን አይታው ነበር። ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ እንኳ ለይታታለች፤ በልጅነቱ የአባቱን ጎማ ሲያንከባልል ወድቆ የተፈነከተባት ናት። ወርቅነሽ በደስታ እየሮጠች ጠራቻት፤ ሳፊያ ባዶ እግሯን ደርሳ ስታይ ግን ሌላ ልጅ ለሌላ እናት ሰላም ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳፊያን የያዛት ነገር አልለቀቃትም። ሰላምታው ለአረፋ በዓል እንደሚደገም ደግሞ ከየት እንደሆነ እንጃ ሰማች። ወርቅነሽ እንግዲያው እኛ ቤት መጥተሽ እይው ብትላት፣ ልጄ ቤት እያለው በሰው ሳሎን እንግዳ አይሆንም አለቻት። ጀላል ሲመለስ አንድ ክፍል ልትቀጥልለት የገባችበት እቁብ እጣ ሲወጣላትም ነገሩ አለቀ። ክፍሉ ይቆያል፣ ቴሌቪዥን ይገዛ።

ሀምዱ ፈራ። የፈራው ወጪውን አልነበረም። ሳፊያ ልጇን በአረፋ ቀን በሕይወት ሲስቅ ካየችው፣ በሳምንቱ ሽማግሌ በሩን ሲያንኳኳ «በዓይኔ ያየሁትን ልጅ ነው ሞተ የምትሉኝ» ብትል ማን ይመልስላታል? ደግሞስ ያን ጊዜ ሳሎኑን የሚሞላው ጎረቤት ፊቱን የት ያደርገዋል? በመጀመሪያ ዝናቡ ይለፍ አላት። ቀጥሎ ሥራ በዝቶብኛል አላት። ከዚያ የሚያመካኘው ነገር አለቀበትና አንድ ማክሰኞ ማለዳ እጁን ይዛ አውቶቡስ ላይ አወጣችው።

የሀረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ የደሴ ጉም ወደ ኋላ ቀርቶ የኮምቦልቻ ሙቀት ተቀበላቸው። ሳፊያ መንገዱን ሙሉ ቴሌቪዥኑ የት እንደሚቀመጥ ነበር የምታወራው። መስኮቱ ፊት ለፊት ካለው ሣጥን ላይ ይሁን፤ ኡሙሰልማ መደቡ ላይ ጋደም ብላ እንድታይ ፊቱ ወዲህ ይዙር። ሀምዱ እሺ ይላል። ሰው ልቡ ሲደማ እሺ የምትል ቃል ምን ያህል እንደምታገለግል ያን ቀን ዐወቀ።

የይርጋ ሱቅ ኮምቦልቻ ገበያው አፍ ላይ ነው። ይርጋ ከአሰብ የሚመጣ ዕቃ የሚሸጥ፣ ከሀምዱ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቅ ክርስቲያን ነው። ሦስት ቴሌቪዥን ነበረው፤ አንድ ባለቀለም የጃፓን፣ አንድ በእንጨት ሣጥን የታቀፈ ትልቅ የሩሲያ፣ አንድ ደግሞ እጀታ ያላት ትንሽ ቀይ። ባለቀለሙን ሀምዱ ከሩቁ ጣለው። ልጁ የለበሰው ካኪ ነው፣ ካኪን ለማየት ቀለም ምን ይሠራል አለ፤ ዋጋውም ከአቅማቸው በላይ ስለነበር ሳፊያ አልተከራከረችም። ትንሿን ይርጋ በጣም አሞገሳት። ርካሽ ናት፣ ቀላል ናት፣ መብራት አትበላም። ሳፊያ መስተዋቷን በመዳፏ ለካችና የልጄ ፊት የፍንጃል አፍ ያህል ሊሆን ነው ወይ፣ ጠባሳውንስ በምን አየዋለሁ አለች። ሀምዱ ያኔ ዕድል አገኘ። ትንሿ ጠባሳ አታሳይም፣ ትልቁ እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፣ ደግሞ ይግላል ይላሉ፤ እንግዲህ ሌላ እስኪመጣ ብንቆይ አላት። ይርጋ ሊሸጥ የተቀመጠ ሰው ነውና በቅርቡ ከአሰብ የሚመጣ ሌላ የለም፣ ትልቁንም ለእናንተ ከዋጋው ዝቅ አደርገዋለሁ አለ።

ሳፊያ የትልቁን መስተዋት በሻሻዋ ጫፍ አበሰችው። ቀን ነበርና ሥርጭት የለም፤ ይርጋ ሲከፍተው ነጭ ነጠብጣብ ብቻ እየጮኸ ዘነበ። እሷ ግን ነጠብጣቡን እንደ ሰው ፊት ትኩር ብላ አየችው።

«ይኸ ነው» አለች። «ጀላል ይሙት፣ ከዚህ ሌላ አልገዛም።»

ሳፊያ ማሰሪያ ገመድ ልትገዛ ወጣ ስትል ሀምዱ በሩን ገፋ አደረገና ለይርጋ ነገረው። ይርጋ የቴሌቪዥን ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። ጀላልን ያውቀዋል፤ ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር እየመጣ ከረሜላ ከእጁ በልቷል። ከዚያ ሀምዱ የለመነው ልመና ሰው ባልንጀራውን የሚለምነው ዓይነት አልነበረም፤ እንዳይሠራ አድርገህ ሽጥላት አለው። አረፋ እስኪያልፍ ብቻ። ይርጋ በዕድሜዬ የማይሠራ ዕቃ ዐውቄ ሸጬ አላውቅም አለ፣ ራሱን ያዘ፣ ወደ በሩ አየ። በመጨረሻ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ፈትቶ ከባቄላ የማትበልጥ ፊውዝ ነቀለና ሀምዱ መዳፍ ላይ አኖራት። ሀምዱ ኪሱ ከተታት። ሳፊያ ገመዱን ይዛ ስትመለስ ሁለቱም ሰዎች ዕቃውን እያመሰገኑ ነበር።

ቤት ሲደርስ በእርግጥም አልሠራም። ኡሙሰልማ ቁልፎቹን ሁሉ ነካካች፤ ሀምዱ አንቴናውን በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ አስሮ መስኮቱ ዳር አቆመ፤ ምንም የለም። ሀምዱ ርካሽ ነገር እንዲህ ነው ብሎ ተናደደ፣ ከበዓል በኋላ እወስደዋለሁ አለ። ንዴቱን ያሳመረው ስለመሰለው ማታ እንቅልፍ ወሰደው። ኪሱ ውስጥ ያለችውን ፊውዝ ሲነካት ግን እጁን ቶሎ ይመልስ ነበር፤ ሚስቱን ሲሰርቅ የመጀመሪያው ነውና።

አረፋ በማግስቱ ሊሆን ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሀምዱ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ይርጋን አገኘው። ሳፊያ ለማንም ሳትናገር በጠዋት ኮምቦልቻ ወርዳ ሱቁን አስዘግታ አምጥታዋለች። ከውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል፣ ኡሙሰልማ ትስቃለች። ይርጋ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ የሀምዱን ዓይን ሸሸ።

«ገንዘቧን ልመልስላት ነበር» አለ። «ሁለት ዕጥፍም ብትለኝ እሰጣት ነበር። እሷ ግን ሌላ ነገር አላለችም። ‹ጀላል ይሙት፣ ፊቱን ካላየሁ ይህን በዓል አልውለውም› አለችኝ። እኔ ምን ልሁን ሀምዱ? የሞተ ልጅ ይሙት ስትለኝ በምን አንጀቴ እንቢ ልበላት? ፊውዙ ተቃጥሎ ነው ብዬ ሌላ አደረግሁላት።»

 ሀምዱ ሊቆጣው ፈልጎ ነበር፤ ግን ይርጋም እንደ እሱ የሚያደርገው የጠፋው ሰው ነው። እንደሚሆን አድርጎ ሸኘውና ገባ።

አረፋ እሑድ ዋለ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። ከሶላት በኋላ ጎረቤቱ አንድ በአንድ መጣ። እንደ ወትሮው የታረደው በግ ሊበላ ነው፤ አልመጣም ማለት ራሱ መርዶ መናገር ነበርና የቀረ ሰው የለም። ሸህ ሰይድ ከግድግዳው ጥግ፣ ወርቅነሽ ከበሩ አጠገብ፣ የቅሬው ሴቶች መደቡ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ በግድ ይስቃል፣ በግድ ይበላል። ሳፊያ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ እንጀራ በወስከምቢያ ይዛ ስትመላለስ እንኳ ዓይኗን ከመስተዋቱ አትነቅልም። ሀምዱ ያላህ አታሳያት ብሎ በልቡ ዱዓ ያደርጋል። መልሶ ደግሞ ይህ ምን ዓይነት ዱዓ ነው እያለ ራሱን ይረግማል።

ከግንባር የተላከ የበዓል ሰላምታ ተብሎ ሲነገር ነፋስ አንቴናውን ጠመዘዘውና ምስሉ ዝናብ ብቻ ሆነ። ሳፊያ ጮኸች። ሀምዱ ካፖርቱን ሳይደርብ ወጥቶ እንጨቱን በሁለት እጁ ያዘ። ኡሙሰልማ ከመደቡ ላይ ሆና በመስኮቱ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ ትለዋለች፤ ድንገት እዚያ ላይ ያዘው አባ አለች። ያዘው። ከለቀቀው ነፋሱ ይመልሰዋል። በመስኮቱ መስተዋት በኩል ቴሌቪዥኑ ወለል ብሎ ይታያል፤ አንድ ወታደር ሰላምታ ሰጠ፣ ሌላ ተተካ፣ ሌላ ተተካ።

ከዚያ ጀላል መጣ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ሀምዱ እጁን አንድ ጊዜ ላላ ቢያደርግ ምስሉ ይጠፋ ነበር፤ ወር ሙሉ የደከመው ለዚች ደቂቃ ነው። አልቻለም። እሱም አባት ነው፣ እሱም ልጁ ከተወሰደ ወዲህ አላየውም ነበር። ልጁ ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ጠባሳዋ ቅንድቡ ላይ አለች፣ ካሜራው ስላሳፈረው አንገቱን ሰበር አድርጎ ይናገራል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፁን ግን ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ዋጠው። ሀምዱ እንጨቱን እንደታቀፈ ጠጋ አለ። አልሰማም።

የሰማው የሳፊያን እልልታ ነው። ረጅም፣ የጠራ፣ ልጅ የዳረች እናት እልልታ። ከዚያ በኋላ የተከተለ ግን አልነበረም። በወሎ አንዲት ሴት እልል ካለች ቤቱ ሁሉ ይቀበላታል፤ እልልታ ለብቻው ቀርቶ አያውቅም። ሳፊያ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ዞረች። የቅሬው ሴቶች መሬት መሬት ያያሉ። ወርቅነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሸህ ሰይድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው በከንፈራቸው አላህ ይዘንለት ይላሉ፤ ለሞተ ሰው እንጂ ለሚስቅ ልጅ እንዲህ አይባልም። ሳፊያ አንድ በአንድ አየቻቸው። በመጨረሻ ዓይኗ መስኮቱ ጋ ደረሰ።

ሀምዱ ፊቱን ሊያስተካክል ሞከረ። ዝናቡ እንባውን ሊሸፍንለት ይገባ ነበር፤ ሚስቱ ናትና አልሸፈነለትም። አፏ ሲከፈት አየ። የሚመጣውን ጩኸት ዐወቀው። በዚያው ቅጽበት ኡሙሰልማ ወንድሟን እያየች እየሳቀች የእናቷን እጅ ጎትታ ሆዷ ላይ አደረገችው፤ ሕፃኑ ተራግጦ ነበር። ሳፊያ ወደዚያ ሆድ ዝቅ ብላ አየች። ብዙ ቆየች፣ ወይም ለሀምዱ ብዙ መሰለው። ከዚያ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ እንደገና እልል አለች። ድምፁ መሐል ላይ ተሰነጠቀ፤ እንደምንም ገጥማ ቀጠለችው። አሁን ሴቶቹ ገባቸው። በመጀመሪያ ወርቅነሽ፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ እንባቸው እየወረደ ተቀበሏት። ኡሙሰልማ የደስታ ለቅሶ መሰላትና አብራ አለቀሰች።

ሀምዱ እንጨቱን ለቀቀው። ከላይ እስከ ታች ረጥቦ ሲገባ መስተዋቱ ላይ ነጠብጣቡ ይዘንብ ነበር።

«አባ፣ አንተንም ስምህን ጠርቶ ሰላም ብሎሃል» አለችው ኡሙሰልማ። «ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ አለ።»

አልሀምዱሊላህ አለ ሀምዱ። ሳፊያ አጠገቡ አልመጣችም። ትሪውን አንሥታ እንግዳ ታስተናግዳለች፤ ወጥ ትጨምራለች፣ ውሃ ትቀዳለች። ሸህ ሰይድ መቀመጥ ቢያቅታቸው ጠገብሁ ብለው ምርኩዛቸውን ያዙ። እሷም ጉርሻ ጠቅልላ ፊታቸው ቆመች። የምትለውን መሐላ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ፈራው።

«ይህችን ሳይጎርሱ አይሄዱም» አለቻቸው። «ሀምዱ ይሙት።»

ስሙ በሚስቱ አፍ እንዲህ ሲጠራ ሀምዱ ሰምቶ አያውቅም። ሽማግሌው ተቀመጡ። ኡሙሰልማ ግን ሳቀች።

«እማ፣ ዛሬ ደግሞ በአባ መማል ከየት አመጣሽው? ጀላል ቀረበት?»

«ወንድምሽን ብዙ ጠራሁት» አለች ሳፊያ። «ይረፍ።»

ሸህ ሰይድ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳፊያ ጉርሻውን አጎረሰቻቸውና ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈች።